የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ያዩት ቤተ መንግሥት በላስ ቬጋስ በረሃ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የላስ ቬጋስ ዋና ጎዳና፣ ነዋሪው ባጭሩ «ስትሪፕ» የሚለው፣ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረውንና ቀኑን የሚጀምረውን ሰው አንድ የእግረኛ መንገድ ላይ ያገናኛል። የሌሊት ሺፍት የጨረሱ ሴቶች በደንብ ልብሳቸው ላይ ሹራብ ደርበው ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ያመራሉ። ሁለቱ በአማርኛ እያወጉ በአጠገቤ ሲያልፉ «እንደምን አደራችሁ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርክ ወንድሜ» ብለው አጸፋውን መለሱና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያን ያህል ብርቅ ነገር አይደለም። በዚህ ከተማ ታክሲ ውስጥ፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርድ ከሚያከፋፍሉት መካከል አማርኛ ተናጋሪ ማግኘት የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

ከሴቶቹ ኋላ የጠዋት ፀሐይ ያረፈበት ነጭና ሮዝ ግድግዳ ቆሟል። ከታች ቀጫጭን ዓምዶች፣ በዓምዶቹ ላይ ሹል ቅስቶች፣ በቅስቶቹ ላይ እንደ አበባ የተፈለፈሉ ክብ መስኮቶች፣ ከሁሉም በላይ ሰፊና ከባድ ግንብ። ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ነው። ይህን ያልተለመደ አሠራር አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ፓላዞ ዱካሌ ነው፤ የቬኒስ ሪፐብሊክ መሪዎች፣ የዶጄዎቹ፣ ቤተ መንግሥት። እውነተኛው ኢጣሊያ ውስጥ በባሕር ዳር አለ። ይህኛው ኔቫዳ በረሃ ላይ ያለው የቬኒሺያን ሆቴል ፊት ነው።

ቀኑን ሙሉ ይህን ቤተ መንግሥት ልጎበኝ ነው የመጣሁት። ብዙ ሰው ላስ ቬጋስ ያሉትን ግንባታዎች «የውሸት» ብሎ ያልፋቸዋል። እኔ ግን በዚህ ግንብ ፊት ስቆም አንድ የራሳችን ታሪክ ስላለ፣ በቀላሉ ላልፈው አልችልም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1402 የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት፣ የዘርዐ ያዕቆብ አባት ዐፄ ዳዊት፣ የላኳቸው መልእክተኞች ቬኒስ ደረሱ። ጉዞውን የመራው አንቶኒዮ ባርቶሊ የተባለ የፍሎረንስ ሰው ነበር። ከስጦታዎቹ መካከል አራት ነብሮች ነበሩ። ነብር በአንበሳ ምልክት በምትታወቅ ከተማ ወደብ ሲወርድ ምን ያህል ሕዝብ እንደሚሰበሰብ መገመት አያስቸግርም። በዚያን ጊዜ የቬኒስ መሪ ሚኬሌ ስቴኖ ነበር። በባሕር ወደ ቬኒስ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ፓላዞ ዱካሌ ላይ ነውና፣ መልእክተኞቻችን ይህንኑ ቅርጽ አይተዋል፤ ነገር ግን እኛ ዛሬ እንደምናየው አልተጠናቀቀም ነበር። የዛሬው ሕንፃ ሥራ የተጀመረው በ1340 ሲሆን፣ በባሕሩ በኩል ያለው ትልቁ መስኮት ያለቀው በ1404 ነው። ከአደባባዩ በኩል ያለው ክንፍ ሥራ የተጀመረው ደግሞ በ1424 ነው። የኛ ሰዎች የደረሱት እንግዲህ ድንጋይ ጠራቢዎቹ ገና በሥራ ላይ ሳሉ ነው።

መልእክተኞቹ ምን ፈልገው ነው የሄዱት? ጀርመናዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ቬሬና ክሬብስ በ2021 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የመካከለኛው ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ወደ አውሮፓ መልእክተኛ የላኩት በዋናነት ለጦር መሣሪያ ልመና እንዳልነበረ ታስረዳለች። የፈለጉት ንዋያተ ቅድሳትና ባለሙያ፣ ማለትም ሠዓሊ፣ ግንበኛ፣ አናጢ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸውንና ዙፋናቸውን ከሩቅ አገር በመጣ ብርቅ ነገር ማስከበር ፈልገው ነው። ይህን ሳነብ ለብዙ ዓመት በትምህርት ቤት የተነገረኝ የ«እርዳታ ፈላጊ» ታሪክ ተገለበጠብኝ። ባለጠጋ መንግሥት የሚያምረውን መርጦ ለመውሰድ የሄደበት ጉዞ ነው።

የቬኒስና የኢትዮጵያ ግንኙነት በዚያ አላበቃም። በ1450 ገደማ ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ ታላቅ የዓለም ካርታ ሲሠራ፣ ስለ ኢትዮጵያ ክፍል መረጃ ያገኘው ከራሳቸው ከኢትዮጵያውያን ነው፤ ወንዞችና አውራጃዎች በስማቸው ሰፍረውበታል። ካርታው ዛሬም ቬኒስ ውስጥ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ሀብትነት ተጠብቆ ይገኛል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ አገራችን መጥቶ ዐርባ ዓመት ገደማ ኖሯል። እኛ መርቆሬዎስ አልነው። የእጁ ሥራ በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ይገኛል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ኢትዮጵያ በነበረበት ጊዜ አግኝቶታል።

እንግዲህ ወደ በረሃው እንመለስ።

ቬኒሺያን የተከፈተው ግንቦት 3 ቀን 1999 ነው። ጎንዶላ የሚባለው የቬኒስ ጀልባ ሲመረቅ የኢጣሊያዋ ተዋናይት ሶፊያ ሎረን ተገኝታለች። የሆቴሉ ባለቤት ሼልደን አደልሰን ሐሳቡን ያገኘው ከሚስቱ ከሚርያም ጋር ለጫጉላ ሽርሽር ቬኒስ ሄደው በነበረበት ጊዜ እንደሆነ ተደጋግሞ ተነግሯል። ወጪው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ቦታው ግን ባዶ በረሃ አልነበረም። ከ1952 ጀምሮ ሳንድስ የተባለ ስመ ጥር ሆቴል ቆሞበት ነበር፤ በኅዳር 1996 በፈንጂ ፈረሰ። ሳንድስ የፍራንክ ሲናትራና የሳሚ ዴቪስ ጁኒየር መድረክ ነበር። እዚህ ላይ ማለፍ የማይገባ ነገር አለ። በ1950ዎቹ በዚህ ጎዳና ላይ ጥቁር አርቲስቶች መድረክ ላይ ሕዝብ አስደስተው ሲያበቁ ሆቴሉ ውስጥ አልጋ አይሰጣቸውም ነበር። ማደሪያቸው ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ምዕራብ ላስ ቬጋስ ነበር። የጥቁሮች መብት ማኅበር በስትሪፑ ላይ ሰልፍ እንደሚጠራ ካስታወቀ በኋላ፣ በመጋቢት 1960 ሙላን ሩዥ በተባለው ሆቴል በተደረገ ስምምነት መድልዎው እንዲቀር ተወሰነ። ዛሬ እኔ በነጻነት የገባሁበት በር፣ የአገሬ ልጅ ቁልፍ ይዞ እንግዳ የሚቀበልበት ጠረጴዛ፣ ያ ስምምነት ከከፈታቸው በሮች መካከል ናቸው።

በሁለት ረጃጅም ዓምዶች መካከል አለፍኩ። በአንዱ ላይ ክንፍ ያለው የቅዱስ ማርቆስ አንበሳ፣ በሌላው ላይ ቅዱስ ቴዎድሮስ አለ። እነዚህም እውነተኛው ቬኒስ ባሕር ዳርቻ ላይ ያሉት ዓምዶች ግልባጭ ናቸው። አጠገባቸው ካምፓኒሌ የሚባለው የደወል ግንብ ቆሟል። ግልባጭን መናቅ የሚቀናው ሰው ይህን ይወቅ፤ ቬኒስ ውስጥ ያለው ካምፓኒሌ ራሱ ሐምሌ 14 ቀን 1902 ተደርምሶ ነበር። በቀድሞው ቅርጹ ተሠርቶ የተመረቀው በ1912 ነው። ዛሬ የዓለም ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት ግንብ ከአድዋ ድል በዕድሜ ያንሳል። ፓላዞ ዱካሌም በ1483፣ በ1574 እና በ1577 በእሳት ተጎድቶ ታድሷል። ሕንፃ የሚኖረው የሚጠግነው ሰው እስካለ ድረስ ነው፤ በዚህ በኩል የቬኒስና የላስ ቬጋስ ጠጋኞች ጭንቀታቸው አንድ ነው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ጉልላት ያለው የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ነበር። መሐሉ ላይ በፏፏቴ ውስጥ ወርቃማ የሰማይ ሉል ቆሟል። ከዚያ ወደ ካዚኖው የሚወስደው ረጅም መተላለፊያ ጣሪያው በሥዕል ተሸፍኗል፤ ጠርዙ በወርቅ ቀለም ደምቋል፤ ወለሉ ዓይንን የሚያታልል ባለ ሦስት ቀለም የእብነ በረድ ንድፍ ነው። ቀና ብዬ ሥዕሉን ስመለከት አንድ የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያውን አቁሞ እኔ እስካልፍ ጠበቀኝ። ወለሉ መስታወት ይመስላል። በቀን በብዙ ሺህ ጫማ የሚረገጥ ወለል እንዲህ የሚያበራው በየሰዓቱ የሚያጸዳው ሰው ስላለ ነው።

እውነተኛው ፓላዞ ዱካሌ ውስጥ ግን በግድግዳው ጀርባ መንግሥት ነበር። ዶጄው ንጉሥ አልነበረም፤ ለዕድሜ ልክ የሚመረጥ መሪ ነው፤ በብዙ ሕግም የታሰረ። ያለ አማካሪዎቹ የውጭ አገር ደብዳቤ እንኳ መክፈት አይፈቀድለትም። ቤቱ የዶጄው መኖሪያ፣ ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤትና እስር ቤት ነበር። ታላቁ የምክር ቤት አዳራሽ 53 ሜትር በ25 ሜትር ነው፤ አንዱን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የቲንቶሬቶ የ«ገነት» ሥዕል ይሸፍነዋል። ካዛኖቫ በ1756 ያመለጠው ከዚሁ ቤት ጣሪያ ሥር ከነበረ እስር ክፍል ነው። ያ ሁሉ በ1797 ናፖሊዮን ሪፐብሊኩን ሲያፈርስ አበቃ።

ላስ ቬጋስ የወሰደችው የቤተ መንግሥቱን ፊት ነው። የውስጡን ሥራ አልወሰደችም። በሮዙ ግድግዳ ጀርባ ዳኛም ጸሐፊም የለም፤ የቁማር ማሽን፣ ምግብ ቤትና ሱቅ አለ። ይህን ስል ለማጣጣል አይደለም። የጎንደርን ፋሲል ግቢ እያሰብኩ ነው። ከ1636 በኋላ ዐፄ ፋሲል የቆረቆሩት ግቢ ውስጥም ቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም፤ የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና የሣልሳዊ ዳዊት የመዝሙር ቤት ነበሩበት። 900 ሜትር የሚረዝመው አጥር የከበበው አንድን የመንግሥት ሕይወት ነው። ቤተ መንግሥትን ለማወቅ ከግንቡ ውበት አልፎ ማን ምን ይሠራበት እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። ያንኑ ጥያቄ ቬኒሺያን ውስጥም መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱን የሚሰጡት ሠራተኞቹ ናቸው።

እኩለ ቀን ላይ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ቦይ ዳር ደረስኩ። ሰማያዊ ውሃ በሱቆች መካከል ይጠማዘዛል፤ ከላይ ጣሪያው በደመና ሥዕል ተሸፍኗል፤ መብራቱ ሁልጊዜ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለውን ሰዓት ያስመስላል። ውጭ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሞቅ ከተማ፣ እዚህ ውስጥ ሹራብ የሚያስመኝ ቅዝቃዜ አለ። ባለ መስመር ቲሸርት የለበሰ ቀዛፊ ለሁለት ሙሽሮች በጣሊያንኛ እየዘፈነ አለፈ። ድምፁ ግሩም ነው፤ በድልድዩ ላይ የነበርነው ሁሉ አጨበጨብንለት።

በረሃ ውስጥ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ትክክል ነው። ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዋናው የውሃ ምንጭ የኮሎራዶ ወንዝ ነው፤ በሁቨር ግድብ የተጠራቀመው የሚድ ሐይቅ። ቤት ውስጥ ጥቅም ላይ የዋለው ውሃ ተጣርቶ አብዛኛው ወደዚያው ሐይቅ ይመለሳል። ከተማዋን ይበልጥ የሚጎዳት በበጋው ሙቀት የሚተንነውና ሣር ላይ የሚፈሰው ውሃ ነው። ስለዚህ የቤት ውስጥ ቦይ አይቶ ብዙ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ለምለም የጎልፍ ሜዳ ይበልጥ ያሳስባል።

ከሰዓት በኋላ በሆቴሉ ውስጥ አንድ ቦታ ፈልጌ ነበር፤ የሩሲያ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ወደዚህ ከተማ የመጣበትን። በጥቅምት 2001 የኒው ዮርኩ ጉገንሃይምና የሴንት ፒተርስበርጉ ሄርሚታዥ ሙዚየም በጋራ እዚህ ቬኒሺያን ውስጥ ማሳያ ከፍተው ነበር። ንድፉን የሠራው ሆላንዳዊው አርክቴክት ሬም ኮልሃስ ነው፤ ግድግዳው የዛገ የሚመስል ብረት ነበር። ሄርሚታዥ ማለት ንግሥት ካትሪን በ1764 ሥዕል መሰብሰብ የጀመረችበት፣ ዋና ክፍሉ የዛሮቹ የክረምት ቤተ መንግሥት የሆነ ሙዚየም ነው። ከዚያ ቤት ግድግዳ ላይ የወረዱ የሴዛንና የፒካሶ ሥራዎች ከቁማር ማሽኖች ጥቂት እርምጃ ርቀው ተሰቀሉ። ማሳያው በ2008 ተዘጋ። በቦታው ዛሬ ምንም ምልክት አላገኘሁም። ይህ የሚያሳዝን ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ጎዳና ላይ ከታዩት የቤተ መንግሥት ነገሮች ሁሉ ግልባጭ ያልነበረው ያ ነበርና።

ወደ ደቡብ በታክሲ ሄድኩ። ሾፌሩ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ የአገሬ ሰው ነበር። «ጋሼ፣ ብዙ ዓመት ሆነዎት እዚህ?» ስለው ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ ድረስ መሪውን እንዳለቀቀ ነገረኝ። ቬኒሺያን ምን እንደሚመስለው ጠየቅኩት። እንግዳ የሚያወርድበት በር መሆኑን እንጂ የማን ቤተ መንግሥት ግልባጭ እንደሆነ ጠይቆ እንደማያውቅ አጫወተኝ። የዐፄ ዳዊትን መልእክተኞች ስነግረው መብራት ላይ ቆመን ዞሮ አየኝና ነብሮቹ ስንት እንደነበሩ ጠየቀኝ።

ፓሪስ ላስ ቬጋስ የተከፈተው በዚያው በ1999፣ መስከረም 1 ቀን ነው። የኤፍል ማማው ከዋናው ግማሽ ያህላል፣ 165 ሜትር። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ በመሆኑ ሙሉ ቁመቱን መሥራት አልተቻለም። ከሆቴሉ ፊት አንዱ ክፍል የሉቭርን፣ የፈረንሳይ ነገሥታትን የቀድሞ ቤተ መንግሥት፣ ግድግዳ ያስመስላል። የማማው ሦስት እግሮች ጣሪያውን ቀደው ካዚኖው ውስጥ ይቆማሉ። ያስደንቃል፤ ግን በቬኒሺያን ፊት የተሰማኝ ስሜት እዚህ አልመጣም። ቶሎ ወጣሁ።

አሁን ወደ ሠራተኞቹ። የላስ ቬጋስ ሆቴሎችን የሚያንቀሳቅሱት አስተናጋጆች፣ ወጥ ቤት ሠራተኞች፣ አልጋ አንጣፊዎችና ሻንጣ ተሸካሚዎች በአብዛኛው የታቀፉት በ1935 በተመሠረተው ኩሊናሪ የሠራተኛ ማኅበር፣ ሎካል 226 ነው። አባላቱ 60,000 ገደማ ናቸው፤ ከመቶ በላይ አገሮች የመጡ ሰዎች አሉበት፤ ኢትዮጵያውያንም በብዛት። ቬኒሺያን ግን ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ከማኅበሩ ውጭ ነበር። ሕንፃው ሳይከፈት፣ በመጋቢት 1999፣ ከሺህ በላይ ሠራተኞች ከፊቱ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ሰልፍ ወጡ። ሆቴሉ መንገዱ የግል ይዞታዬ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ ሕዝብ የሚመላለስበት መንገድ ላይ ሐሳብን መግለጽ አይከለከልም ብሎ ወሰነ። ጠዋት ከሁለቱ እህቶች ጋር ሰላምታ የተለዋወጥኩት እዚያው መንገድ ላይ ነው። አደልሰን በጥር 2021 አረፈ፤ በ2022 ሆቴሉ ተሸጠ፤ በ2024 ወደ 4,000 የሚጠጉ ሠራተኞች የመጀመሪያውን የኅብረት ስምምነት አጸደቁ። ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቷል።

በስምምነት የተጠበቀ ደመወዝ፣ የጤና መድን፣ የጡረታ መብት ለአንድ አልጋ አንጣፊ እናት ምን ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ አሜሪካ ያለ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃል። የወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ ጎንደር ወይም ደሴ ወይም አዲስ አበባ የሚሠራ ቤት ከዚያ ደመወዝ ነው የሚወጣው። በ1402 ባለሙያ ፍለጋ ወደ ቬኒስ የሄድን ሕዝብ፣ ዛሬ በሌላው ቬኒስ ውስጥ ሙያና ጉልበታችንን ይዘን ቆመናል። በዚህ አላፍርም። የሚያሳፍረኝ የመጀመሪያውን ጉዞ መርሳታችን ነው።

ማምሻውን ከስትሪፑ በስተ ምዕራብ ወዳለው የንግድ አካባቢ ሄድኩ። የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽን በ2023 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ሰይሞታል። ምግብ ቤቱ ውስጥ የቀን ሺፍት የጨረሱት ሲገቡ የሌሊት ሺፍት ያለባቸው ቡናቸውን ጠጥተው ይወጣሉ። ጥሩ በየአይነቱ በላሁ። ጎረቤት ጠረጴዛ የነበሩ ወጣቶች እንግሊዝኛውን ከአማርኛው እያቀላቀሉ ስለ ሥራ ፈተና ያወሩ ነበር። ልጆቹ እዚህ የተወለዱ ናቸው። ቬኒሺያንን በትምህርት ቤት ጉብኝት እንኳ ደጋግመው አይተውት ይሆናል፤ ፋሲል ግቢን ግን ያዩት አይመስለኝም።

ላስ ቬጋስ ለምትኖሩ ወላጆች አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቻችሁን ወደ ቬኒሺያን ውሰዷቸው፤ ለመግባት ትኬት አይጠየቅም። በሮዙ ግንብ ፊት አቁሙና ስለ 1402ቱ መልእክተኞች፣ ስለ አራቱ ነብሮች፣ ስለ ሠዓሊው መርቆሬዎስ ንገሯቸው። ወለሉን የሚያጸዱትን፣ አልጋውን የሚያነጥፉትን ሰላም በሏቸው። ለአገር ቤት የሚበቃ ገንዘብ ስታጠራቅሙ ደግሞ ከአዲስ አበባ አልፋችሁ ጎንደር ድረስ ውሰዷቸው። ፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ ጉዳት አድርሶበታል፤ በቅርብ ዓመታት የጥገና ሥራ ተካሂዶለታል፤ ጎብኚም ጠጋኝም ያስፈልገዋል።